የአራት ቁጥሯ ማግኔት

«ይህን ማግኔት እዚህ ያስቀመጠው ማነው?»

የጠየቀችን የደህንነት ተቆጣጣሪዋ ነበረች፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከች፣ ነጭ ቆብ ያደረገች ሴት። ማግኔቷን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ የሞተች አይጥ እንደ ያዘ ሰው ከራሷ አርቃ ታሳየናለች። በአራት ቁጥር ማሽን ዙሪያ ቆመናል። ፎርማኑ አለ፣ ኤሌክትሪሻኑ አለ፣ ኦፕሬተሮቹ አሉ፤ እኔ ከሁሉም ኋላ ባልዲዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም። መልሱን ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጄ በዚያ ሰዓት ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

እኔ የዚያ ወርክሾፕ ጽዳት ነበርኩ። ስምንት ማሽኖች አሉት፤ ሁሉም በኮምፒውተር የሚታዘዙ፣ ብረት የሚቆርጡና የሚቦረቡሩ ናቸው። ሰው ጽዳት ሲባል ወለል መጥረግ ይመስለዋል። የእኔ ሥራ የማሽኖቹን ሆድ ዕቃ መጥረግ ነበር። ብረቱ ሲቆረጥ እንዳይግል የሚረጭበት ወተት የመሰለ ውሃ አለ። አዲስ ሲሆን ብዙም አይሸትም። የዕረፍት ቀን አልፎበት ሰኞ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ግን የገማ እንቁላልና ያልታጠበ ካልሲ አንድ ላይ ፊቴን ይመቱኛል። ከላዩ ቡናማ ቆዳ አብቅሎ ይጠብቀኛል። ያንን ቆዳ በእጄ ነው የማነሳው። ጓንቴ ቀዳዳ ስለሆነ በጣቶቼ መካከል ይገባና ይሙለጨለጫል። ኦፕሬተሮቹ ደግሞ ይተፉበታል። ማስቲካ ይጥሉበታል፣ የሲጋራ ቁራጭ ይጥሉበታል። አንድ ቀን የተቆረጠ የእግር ጥፍር በወረቀት እንደተጠቀለለ አግኝቻለሁ።

«ምነው ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የሰው እጅ የሚገባበት ነው» ብላቸው፣

«የሰው እጅ አይደለም እማማ፣ ያንቺ እጅ ነው» አለኝ አንዱ። ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት እማር ነበር። ደብተሬን ሳልታጠብ አልነካም። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ እንኳ ገጹ ያንን ውሃ ይሸት ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ደህና ሰው ናት፤ ግን ወንበሯን ትንሽ ትንሽ እያለች ታርቃለች። አልፈርድባትም። እኔም ከራሴ መራቅ ብችል እርቅ ነበር።

ፎርማኑን «ቶሎ ቶሎ» እንለው ነበር። ሰላምታውም፣ ስንብቱም፣ ቁጣውም ይኸው ነው። ሲፈልገኝ አንቱ ይለኛል፤ ሲቆጣኝ አንቺ። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ «ነገ» ይባላል። የተበላሸ ነገር ብታሳየው፣ መብራት ጠፋ ብትለው፣ ሽቦ ነዘረኝ ብትለው መልሱ አንድ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት አራት ቁጥርን ስጠርግ፣ ከበሩ ጠርዝ ውስጥ፣ እጅ እንጂ ዓይን በማይደርስበት ቦታ አንድ ነገር ዳሰስኩ። ጃርት መሰለኝ። መዝዤ ባወጣው ማግኔት ነው። የብረት ፍቅፋቂ ዙሪያውን ተጣብቆበት እሾህ አስመስሎታል፤ በእሾሁ መካከል ያ የገማ ዝቃጭ ገብቷል። ዋጋ ያለው ዕቃ ወድቆ ይሆናል ብዬ አጠብኩና የወደቀ ዕቃ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፎርማኑ ቶሎ ቶሎ እየጮኸ መጣ። አራት ቁጥር እየሠራ እያለ ቀጥ ይላል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ የጀመረውን ብረት ያበላሻል።

«ምን ነካካሽ አንቺ?»

«ምንም ጌታዬ፣ አጸዳሁት እንጂ…»

«ከዚህ ውስጥ ምን አወጣሽ?»

ሮጬ አመጣሁለት። ፊቱ ወዲያው ተፈታ፤ አንቱም ሆንኩ።

«እማማ፣ ይህች የማሽኗ ልብ ናት። ልብ ወጥቶ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል? አጽድተው ሲጨርሱ ልክ እዚህ፣ እዚህች ጥቁር ነገር ላይ ይለጥፏታል። በየቀኑ። አደራ።»

ኤሌክትሪሻኑ ነገም አጠገቡ ቆሞ ነበር። ጥቁሯን ነገር አየ፣ እኔን አየና «በሩ ተዛንፎ እኮ ነው ሲግናሉ የሚቆራረጠው፤ ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ።

«ነገማ ነገ ነው!» አለው ቶሎ ቶሎ። ተሳሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው ባይገባኝም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

አደራ ከተባልኩ እኔ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ማግኔቷን በየጠዋቱ በሳሙና አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ቦታዋ ላይ እመልሳለሁ። ፍቅፋቂው ግን መልሶ ይወራታል። ስለዚህ ከልጄ አሮጌ ሰማያዊ ቱታ ላይ አንዱን ኪስ ፈታሁና ልኳን ከረጢት ሰፋሁላት። ጠርዙን እንደ ሕፃን ኮፍያ ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ በነጭ ክር ነው የሰፋሁት። ጨርቁ ሲቆሽሽ ከረጢቷን ብቻ አጥባለሁ። ሥራዬን አወቅሁበት ብዬ በልቤ ኮራሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ አንድ ጠዋት ሳላስታጉል እንዲህ አደረግሁ።

ልጄ ከስምንቱ ኦፕሬተሮች አንዷ ናት። በሁለት ቁጥር ነበር የምትሠራው። እኔንም እዚያ ያስገባችኝ እሷ ናት። እቤት ስንሆን ሥራዋን ታስረዳኛለች፤ ካላወቅሁ እንደምሰጋ ታውቃለች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ትሪውን ወደ መሃል ሳበችው።

«እማ፣ እይ። ትሪው የማሽኑ ጠረጴዛ ነው። ግራና ቀኝ ሲሄድ ኤክስ ይባላል። ወደኔና ወዳንቺ ሲሄድ ዋይ። ይቺ ማንኪያ ደግሞ መቁረጫው ናት፤ ከላይ ወርዳ ስትወጣ ዜድ። ሦስቱም አክሲስ ነው የሚባሉት።»

«ታዲያ ማን ነው የሚገፋቸው?»

«ሞተር ነዋ። ኮምፒውተሩ ሂድ ሲለው።»

«ዝም ብሎ ሂድ?»

«ዝም ብሎማ አይልም። ካንቺ የባሰ ስጋታም ነው። መጀመሪያ ይጠይቃል። ዘይት አለ? አለ የሚል ሲግናል ይመጣል። ጠረጴዛው ጫፍ ደርሷል? አልደረሰም። በሩ ተዘግቷል? ተዘግቷል። ሁሉም እሺ ካሉት አክሲሶቹን ይለቃቸዋል። አንዱ ዝም ካለው ሦስቱም እንደ ድንጋይ ይቆማሉ።»

«በሩን ከከፈትሽስ?»

«ከከፈትኩማ እጄን ብከት እንኳ ንክች አያደርገኝም።»

«እንዲህ ከሰጋልሽስ ደግ ነው።»

«ስሙን እማ ልበለው?» አለች። ተሳሳቅን። ሻዩ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ስለ ማግኔቷ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ለማሽን ልብስ ሰፋሽ?» ብላ መሳቂያ እንዳታደርገኝ ፈርቼ ተውኩት። እሷ ስለ በር ታወራለች፤ እኔ የማውቀው ልብ መሆኗን ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር በአእምሮዬ አልነበረም።

በሳምንቱ የአራት ቁጥር ኦፕሬተር ሥራ ለቀቀና ፎርማኑ ቶሎ ቶሎ ልጄን ወደዚያ አዛወራት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ልጄ በሰው ቆሻሻ ውስጥ እጇን አትከትም ብዬ አራት ቁጥርን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። ዝቃጩን እስከ ታች ዛቅሁ። ማግኔቷን አጠብኳት፣ የታጠበ ከረጢቷን አለበስኳት፣ በቦታዋ ለጠፍኳት።

አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ልጄ ሥራው ያለቀ መሰላትና በሩን ከፈተች። ብረቱን የሚይዘው ሞርሳ ላይ ፍቅፋቂ ተጠምጥሞ ነበርና ልታነሳ እጇን ከተተች። በሁለት ቁጥር በር ከተከፈተ የሚላወስ ነገር የለም፤ እጇ የለመደው ያንን ነው። አራት ቁጥር ግን አልቆመም ነበር። እየጠበቀ ነበር። የዘይቱ ግፊት ወርዶበት የዘይቱን ሲግናል ይጠብቅ ነበር። ሲግናሉ መጣ። ኮምፒውተሩ በሩ ተዘግቷል ወይ አለ። የእኔ ማግኔት ተዘግቷል አለችው። ጠረጴዛው ሄደ።

ጩኸቷን ስድስት ቁጥር ሥር ተንበርክኬ ሰማሁት። ስደርስ ሁለት ጣቶቿ በሞርሳውና በማሽኑ ግድግዳ መካከል ነበሩ። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ሆስፒታል አብሬያት አደርኩ። ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ደብዳቤ ላመጣላት ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። አራት ቁጥር ትናንት እንደተተወ ነው። ወተት የመሰለው ውሃ ሮዝ ሆኗል፤ አድሮ ቆዳ ማብቀል ጀምሯል። ቶሎ ቶሎ ከሩቅ አየኝና መጣ። ልጅሽ እንዴት አደረች የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

«መጣሽ? አንቺን እኮ ነው የምንጠብቀው። በይ ይህን ጠራርጊው፤ ተቆጣጣሪ እየመጣ ነው።»

«የልጄ ደም ነው» አልኩት።

«የማንም ይሁን፣ ይሸታል። ማግኔቷንም አውጪና ጣያት።»

«የማሽኗ ልብ ናት ብለውኝ አልነበር?»

«ዛሬ ልብ አያስፈልጋትም፤ ቶሎ በይ!»

ባልዲዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። እጄ በልምድ ወደ በሩ ጠርዝ ሄደ፤ ከረጢቷን ነካሁ፤ ከረጢቷ ሥር ያቺ ጥቁር ነገር፣ ጥቁሯ ነገር ያለችው በሩ ላይ። በሩ ላይ! የሻዩ ትሪ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በሩ ተዘግቷል? ተዘግቷል። ከረጢቷን ሳላወጣ እጄን መለስኩ። ቀና ስል ነጭ ቆብ ያደረገችው ሴት በር ላይ ቆማለች። «ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለች። ቀርባ እጇን ከተተችና እኔ ያላወጣሁትን አወጣች።

የጠየቀችውም ያን ጊዜ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ከሥራ መባረርን ፈራሁ፤ ከዚያ የባሰው ግን «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከዚያ ዝቃጭ ይልቅ የገማ መስሎ ተሰማኝ። ከአፌ አልወጣልኝም።

ቶሎ ቶሎ ግን ፈጥኖ አሰበ። «ጨርቁን ይመልከቱት» አላት። «የቱታ ጨርቅ ነው። ስፌቱ የሴት ነው። በዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ያለችው ሴት አንድ ናት፤ እሷም ትናንት የተጎዳችው ናት። ራሷ አድርጋዋለች።»

ባልዲ ይዤ ከኋላው ቆሜ እያለሁ «ሴት አንድ ናት» አለ። ነገ ጫማውን ያያል። ኦፕሬተሮቹ ጣሪያውን ያያሉ።

«ኦፕሬተሯ ራሷ የበሩን ሲግናል አታላ ከሆነ» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ «ጥፋቱ የራሷ ነው። ሕክምናዋም አይሸፈንም፣ ሥራዋም ላይ አትመለስም፤ ከእንግዲህ ማሽን የሚያስነካት የለም። ሌላ የሚያውቅ ካለ እስከ ሐሙስ ጠዋት በጽሑፍ ያቅርብ። የቃል አልቀበልም።»

ስትወጣ ቶሎ ቶሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሽቶ ተቀብቷል፤ ከሽቶው ሥር ያው የገማው ውሃ ይሸታል።

«እማማ፣ እርስዎ የዚህ ነገር ጣጣ አይገባዎትም። ልጅዎ ትድናለች፣ እኔ ሌላ ቦታ አስገባታለሁ። እርስዎም ሥራዎን ይዘው ይቀመጣሉ። ምንም አላየሁም የሚል ወረቀት እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ ጣትዎን ብቻ ያኑሩበት።»

አውራ ጣቱን ብድግ አድርጎ አሳየኝ። ንጹህ፣ የተቆረጠ፣ የሚያብረቀርቅ ጥፍር ነበረው። እዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ጥፍር ያስጠላኝ ነገር የለም።

ነገን መሣሪያ ቤት ውስጥ ዳቦ ሲበላ አገኘሁት።

«ልጄ፣ አንተ ነበርክ። ልቧ ናት ሲለኝ፣ አደራ ሲለኝ በጆሮህ ሰምተሃል። ትናገርልኛለህ?»

ያላመጠውን ዋጠ። ፍርፋሪውን ከጢሙ አራገፈ። «እናቴ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። ዳቦውን ጠቀለለና «እስቲ ነገ እንነጋገር» አለኝ።

ሆስፒታል ተመልሼ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሣጥኑን፣ ሳሙናውን፣ ከረጢቷን። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የክፍሉ ነርስ ገብታ፣ መርፌ ሰጥታ ወጣች።

«ከየትኛው ቱታ ነው?» አለች፣ ሳትዞር።

«ከሰማያዊው። ከደረት ኪሱ።»

«ያን ኪስ ስፈልገው ነበር እኮ። አይጥ በላው ብዬ…» ፋሻዋን በግራ እጇ ደገፈች። «እኔ የማምነው በሩን ነበር፣ እማ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት።»

«ከጻፍሽ ያባርሩሻል።»

«ካልጻፍኩ አንቺን ነው የሚያባርሩሽ።»

ዞረች። ዓይኗ አብጧል። «ደግሞ ፊደል መቼ ጨረስሽና?»

«የቀረኝ ጥቂት ነው። ያላወቅሁትን እዘለዋለሁ።»

ሳቅ ብላ ነበር፤ እጇ ሲነዝራት ተወችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ከደብተሬ መሃል አንድ ገጽ ቀደድኩ። አስተማሪዬ «ላርምልዎት?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት፤ የሌላ ሰው እጅ ከታየበት ያጻፏት ናት ይሉኛል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አምስት መስመር ነው፤

«ማግኔቱን በየቀኑ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከረጢቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ፎርማኑ ነው። የማሽኑ ልብ ነው አለኝ። ልጄ አታውቅም።»

ሐሙስ ጠዋት ለተቆጣጣሪዋ በእጇ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«እናቴ፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«አዎ።»

ፎርማኑን ጠራችው። ሳቀ። «እናት ናት፤ ለልጇ የማትለው የላትም» አለ። እኔ ከቦርሳዬ መርፌና ነጭ ክር አውጥቼ አሳየኋት፤ ተቆጣጣሪዋ የከረጢቷን ስፌት ከቀሚሴ ጠርዝ ስፌት ጋር አስተያየች። አንድ ነው። «ማዘዙንስ የሰማ አለ?» አለችኝ። ነገን አሳየኋት።

ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ የሚል ቃል ተናገረ። «ዛሬ ላይ ሆኜ ትዝ አይለኝም» አለ።

ተቆጣጣሪዋ ሌሎቹን ማሽኖች አስከፈተች። ከሰባቱ በአምስቱ ላይ፣ የእኔ እጅ በማይደርስበት በበሩ ላይኛው ጠርዝ፣ ማግኔት ተገኘ፤ ከረጢት የሌላቸው፣ ጃርት የመሰሉ፣ ዝቃጭ የጠጡ። ባልዲዬ ውስጥ አንድ በአንድ ስትጥላቸው እየተንጫጩ ተጣበቁ። እነዚህንስ ማን አስቀመጠ ብላ ጠየቀች። የእግር ጥፍሩን ውሃ ውስጥ የጣለው ልጅ እንኳ እጁን ኪሱ ከቶ፣ እንደ ንጹህ ሰው ፊት ለፊት ያየኝ ነበር።

ሪፖርቱ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። ልጄ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፤ ቀጥላ እኔ ራሴ አነበብኩት። የበሩን ሲግናል ያታለለችው የጽዳት ሠራተኛዋ መሆኗን በገዛ እጇ ጽፋ አረጋግጣለች ይላል። ኦፕሬተሯ ነጻ ናት፤ ሕክምናዋ ይሸፈናል፤ ስትድን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ፎርማኑ ስለማዘዙ ማስረጃ አልተገኘም። ከአምስቱ መስመሮቼ የተፈለጉትን ወስደው፣ ፎርማኑን የሚነኩትን ሁለቱን ተፍተዋቸዋል።

የአራት ቁጥር በር በሦስት ብሎን ተስተካከለ። ነገ ነው ያስተካከለው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

ልጄ በሦስተኛው ወር ሥራ ገባች። አትመለሺ ብያት ነበር። «ማሽኑ ምን አደረገኝ? የነገሩትን ነው ያመነው» አለችኝ። እሷው እንደነገረችኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳትቆርጥ አክሲሶቹን ባዶ አስኬደቻቸው። እየሄዱ በሩን ከፈተች፤ ሦስቱም ቆሙ። ዘጋች፤ ከፈተች፤ ቆሙ። አሥር ጊዜ እንዲህ አደረገች። ቶሎ ቶሎ ከኋላዋ ቆሞ «ቶሎ በይ እንጂ!» ይላታል። በስምንት ጣቷ በሩን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ከፈተች።

ልጄ ቆየች። ነገም ቆየ። ቶሎ ቶሎ እዚያው ፎርማን ነው። ተባርሬ የሄድኩት እኔ ነኝ።